ሣር ቤት ያሳፍራል ያለው ማነው?

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ቀድሜ ይቅርታ።

ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ቡሬ፣ ከዚያም በእግሬ ወደ ገጠር ወረድኩ። የአያቴ ቤት የለም! አጎቴ አፍርሰውታል። ማገሩ ለማገዶ ተከምሯል፣ የጽድ ምሰሶው አጥር ስር ተጋድሟል። «ምነው?» ብላቸው «ልጄ፣ የሠርግ እንግዳ ሣር ቤት ላስገባ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ፎቶውን ስለጥፈው ደግሞ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እንኳን ፈረሰ፣ ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ጻፈ።

በአጎቴ አልፈርድም። ግጦሹ ሁሉ ታርሶ ለክዳን የሚሆን ሣር ከየት ይምጣ? ሣር ቤት እሳት ያሰጋዋል፣ በየጊዜው መታደስም ይፈልጋል። ቆርቆሮ ያማረው ያልብስ። የኔ ጠብ «ኋላ ቀር» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ቃሏን ደግሞ ያስተማርናችሁ እኛው መምህራን ነን፣ አልክድም።

እስቲ ቤቱን እንየው። ምሰሶው ጽድ ነው፣ ምክንያቱም ጽድ ምስጥ አይደፍረውም። (ዛሬ የምንተክለውን ባሕር ዛፍ ምስጥ እንዴት እንደሚጫወትበት ታውቃላችሁ።) ግድግዳው የተመረገበት ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት የሰነበተ ነው፤ ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ጣሪያው ሾጣጣ የሆነው ለጌጥ አይደለም፣ የጎጃም ክረምት ውሃ ሳይተኛበት እንዲወርድ ነው። ያ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ሳይቀር ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ያወቀው ሰው ዲፕሎማ አልነበረውም፣ ወንፈል ነበረው። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ሰውዬ በቆርቆሮ ክፍል ሳስተምር መጋቢት ላይ ተማሪው በሙቀት ያንቀላፋል፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ድምፄ አይሰማም፣ ጠመኔዬን ይዤ እቆማለሁ።

«ፈረንጅ ቢያይ ይስቃል» ለምትሉ ደግሞ፦ ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ ከተማ ዳር፣ ሴንት ፋጋንስ የሚባል ሙዚየም አለ። በ1948 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ያለበት ምን መሰላችሁ? የገበሬ ቤት! ከየገጠሩ ፈትተው፣ አጓጉዘው፣ እንደነበረ መልሰው ያቆሙት። ኬኒክስተን የሚሉት በ1610 የተሠራ የድንጋይ ቤት አላቸው፣ ክዳኑ ሣር። ሌላው የ1508 ነው፤ በእንጨት የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ሣር የለበሰ፣ በአንድ ጣሪያ ስር ሰው በአንዱ ወገን፣ ከብት በሌላው። ኧረ ይሄ የአያቴ ቤት አይደለም እንዴ? እነሱ ልጆቻቸውን ወስደው ያስጎበኙታል፣ እኛ ወጥ እንሠራበታለን።

እኛም ቅርስ እንወዳለን እንላለን። ግን ቅርስ ስንል የጎንደር ግንብ ነው፣ ላሊበላ ነው። ንጉሡ ያሠራው ቅርስ፣ ንጉሡን ያበላው ገበሬ የሠራው ማገዶ!

ሰኞ ክፍል ገብቼ «ወጋግራ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከስልሳ ተማሪ አራት እጅ ወጣ። አራቱም የገጠር ልጆች ናቸው፣ ሦስቱ እጃቸውን ያወጡት እያፈሩ ነው።

ስለዚህ አፍርሱ፣ ግን ከማፍረሳችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ለኩት፣ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱት፣ የሠሩትን አባት ቁጭ አድርጋችሁ የእያንዳንዱን እንጨት ስም በስልካችሁ ቅዱ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እኔ ለአያቴ ቤት ይህን አላደረግሁም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ምሰሶውን ግን አጎቴን ለምኜ አስቀርቼዋለሁ። ቡሬ አካባቢ ዝናብ የማይነካው ማስቀመጫ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።