ከመደርደሪያ ወደ መንገድ

ከበቾ እስከ አድአ፣ ዋልካ ላይ መንገድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አፈሩ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አስፋልቱም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። እንዲህ ያለው አፈር በሀገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። የለመድነው መፍትሔ ዋልካውን ዝቆ መድፋት፣ ኮረብታ ንዶ ገረጋንቲ ማምጣት ነው። ለዚህ የሚነደው ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው፤ የተናደው ኮረብታም የገበሬ ግጦሽ ነበር።

ሌላ መፍትሔ ከስኳር ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያመርታል፤ መተሐራና ፊንጫም ተከትለውታል። ጭማቂው የወጣለት አገዳ ቦይለር ውስጥ ይነድዳል፣ አመድ ይተርፋል። በአመዱ ውስጥ ሲሊካ አለ። ብቻውን እምብዛም አያስርም፤ ከኖራ ጋር ዋልካው ውስጥ ተቀላቅሎ ውኃ ሲያገኝ ግን ቀስ እያለ ይጠነክራል፣ የዋልካውም እብጠት ይቀንሳል።

ይህን ወጣቶቻችን ያውቁታል። የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች በአገዳ አመድ ላይ ደጋግመው የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርተዋል። አፈሩን በብረት ሻጋታ ይጠቀጥቃሉ፣ 4 ቀን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ ያበጠውን ይለካሉ፣ የመሸከም አቅሙን ይፈትሻሉ። ከዚያ ውጤቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ተማሪም እንደገና ከሀ ይጀምራል። ይህ ያንገበግበኛል። ሻጋታ ውስጥ 4 ቀን የሰነበተ አፈር በሲኖትራክ ጎማና በሦስት ክረምት ዝናብ ገና አልተፈተነም።

ስለዚህ እናንተ ወጣት መሐንዲሶች፣ ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ አንድ ኪሎ ሜትር የሙከራ መንገድ ጠይቁ። እኛ በሙያው ያረጀን ደግሞ ስለ ጥቅጠቃና ስለ ውኃ መውረጃ የምናውቀውን ሳንሰስት እንስጣችሁ። የፋብሪካ ኃላፊዎች አመዱን ከሌላ ቆሻሻ ለይታችሁ በደረቅ ቦታ አቆዩት። የመንገዱን ዳር ገበሬም አማክሩ፤ ክረምት ውኃው በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጥድፊያ ግን አይሁን። ከአመዱ ሌላ፣ በአቃቂና በዱከም ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣው ዝቃጭ (ስላግ) ጥሩ ጠጠር ሊወጣው ይችላል፤ ውስጡ ያልተዋሃደ ኖራ ካለ ግን መንገድ ሥር ሆኖ ያብጣል። ወራት ውኃ እየጠጣ ይብሰል፤ ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚሰርግ ጎጂ ብረት አለመኖሩም ይመርመር። ሙከራው ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ተለክቶ ይጻፍ፤ የሠራውም ልጅ አይወቀስ።

ዝናቡ ሰኔ ላይ ይገባል። አንድ ወረዳ፣ አንድ ፋብሪካና አንድ ዩኒቨርሲቲ እስከ ገና ከተስማሙ፣ ጥርና የካቲት ለአንድ ኪሎ ሜትር ይበቃሉ።