«ሲስተም የለም» እስከ መቼ?

ባለፈው ሰሞን መርካቶ ወርጄ ነበር። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ወደማውቃቸው አንድ ጅምላ ነጋዴ ሱቅ ስዘልቅ ገበያው ቆሟል። ሰው ሳይጠፋ፣ ዕቃ ሳይጠፋ ገበያ ቆሟል! ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይለምናል። ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ወጣት ቸርቻሪ ዕቃውን አስቋጥሮ ጨርሷል፤ ተሸካሚው በር ላይ ቆሟል፤ አይሱዙው ውጪ ክላክሱን ይነፋል።

«ጋሼ፣ ልኬአለሁ እኮ። ይኸው ከሒሳቤ ተቆርጧል።»

«አየሁ ልጄ። ካንተ ተቆርጧል፣ እኔ ጋ ግን አልገባም። ምን ላድርግህ?»

ነጋዴው ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የሐሰት የባንክ መልእክት አሳይቶ ዕቃ ጭኖ የሚሰወር ሌባ መርካቶን አስመርሯታል። መልእክቱ ከእውነተኛው አይለይም፤ የባንኩ ስም፣ የገንዘቡ ልክ፣ ሰዓቱ ሁሉ አለው። የጎደለው ብሩ ብቻ ነው። እኚህም ሰው አንድ ጊዜ ተበልተዋል። ስለዚህ የራሳቸው ስልክ ካልጮኸ የእናታቸው ልጅ ቢመጣም ዕቃ አያስወጡም። ኔትወርክ ሲጠፋ እንግዲህ ሌባውና ሐቀኛው እኩል ይሆናሉ፤ ሁለቱም እኩል ይጠረጠራሉ።

ባንክ ተደወለ። መልሱ የታወቀ ነው። «ሲስተም የለም።» መቼ ይመጣል? «ይሞክሩት።»

ለመሆኑ ይህች «ሲስተም የለም» የምትባል ቃል ተጠያቂዋ ማን ነው? ድሮ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባል ነበር። ያኔ ቢያንስ ስብሰባው ሲያልቅ የሚመለስ ሰው ነበር።

ስለ ሳይበር ደህንነት ሲወራ የምንሰማው ስለ ጠላፊ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ ማለቴ ነው፣ በየጊዜው ይህን ያህል ጥቃት አከሸፍኩ ይለናል። ይበል ነው። ነገር ግን የሙያው ሰዎች ደህንነት ሲሉ ሦስት ነገር ማለታቸው ነው፤ ምስጢር እንዳይወጣ፣ መረጃ እንዳይዛባ፣ አገልግሎቱም በተፈለገ ሰዓት እንዲገኝ። ሦስተኛዋን ማን በላት? መርካቶ ቆሞ ላየ ሰው ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ሌባ ይልቅ የሚያስፈራው በገዛ እጃችን የሚጠፋው ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በእድሳት ሥራ መሐል ተበላሽቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ገንዘብ ያወጣ ጀመር። ወሬው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በረረ፤ በእኩለ ሌሊት ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ ራሱ እንደተናገረው በእነዚያ ሰዓታት 490 ሺህ ያህል ግብይት ተካሂዷል፤ ያለአግባብ ወጣ የተባለውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። የጠላፊ ሥራ አይደለም ብሎናል። አምነን እንቀበል። ታዲያ ይኼ ይበልጥ አያስደነግጥም? ጠላፊ ሳይገባ እንዲህ ከሆነ ሲገባ ምን ልንሆን ነው? ብዙው ተማሪ ገንዘቡን መለሰ። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቷቸው ወጣ። የስህተቱ ባለቤት ስምስ የት ተለጠፈ?

ይኼ በስህተት የጠፋው ነው። በትእዛዝ የጠፋውስ? በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ግንቦት ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ተዘጋ። በሰኔ 2011 በፈተና ሰሞን ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ከሰኔ 15ቱ ግድያ በኋላ ደግሞ ተዘጋ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ይቅርታ ጠየቀ እንጂ ምክንያቱን አልነገረንም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጋው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትግራይ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲነሳ ተቆርጣ ሁለት ዓመት ያህል ኢንተርኔት አላየችም። የአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አጣ። መርካቶ የምታከፋፍለው ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። መቀሌ ሲዘጋ፣ ባሕር ዳር ሲዘጋ በዱቤ የወሰደው ደንበኛ ድምፁ ይጠፋል፤ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለው ሱቅም ከነዕቃው ቁጭ ይላል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በሐምሌ 2011 በሰጡት መግለጫ ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ማለታቸው አይረሳንም። ይሁን፣ ያኔ አልነበረም እንበል። ከዚያ ወዲህ ውኃ ያደረገው ማን ሆነና? በግንቦት 2013 ቴሌብር ተጀመረ፤ በ2017 ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ድርጅቱ አበሰረን። በሚያዝያ 2015 በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረ። ሕዝቡን በአዋጅና በመመሪያ ወደ መረቡ እየነዳ ያስገባ መንግሥት መረቡን እንደ ጓዳው መብራት ሲያሰኘው የሚያጠፋው በምን ሒሳብ ነው?

ጠባቂው ራሱስ? በ2006 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተር በጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የስለላ ሶፍትዌር መጠቃቱን አጋለጠ። በዓመቱ ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ ገመናው ሲዘረገፍ ከደንበኞቹ አንዱ ኢንሳ ሆኖ ተገኘ። የቀድሞው መንግሥት ሥራ ነው ይባል ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ግን ያው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ወረቀቱ መልካም ነው፣ ሥራውን ደግሞ እናያለን።

የመርካቶ ሰው እስከዚያ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። እኚህ ነጋዴ ሁለት ሲም አላቸው፤ ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱ ሲደክም በሌላው ይሞክራሉ። ገንዘባቸው በሦስት ባንክ ነው። የቀኑን ሽያጭ ኮምፒውተር ላይ ያስገባሉ፣ ማታ ደግሞ በደብተር ይገለብጣሉ። ልጆቻቸው ይስቁባቸዋል፤ እኔ ግን አልስቅም። ጎረቤታቸው ያሉት ስልክ ጠጋኝ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ሙያውን አንዱ ካንዱ እያየ ነው የተማሩት፤ የደንበኛ ስልክ ከመንካታቸው በፊት በውስጡ ያለውን ይገለብጣሉ። አንዱን «ይህን ማን አስተማረህ?» ብለው «አንዴ የሰው የሠርግ ፎቶ አጥፍቼ» አለኝ። ትርፍ ቅጂ፣ ትርፍ መስመር፣ ትርፍ ባትሪ። ትልልቅ አማካሪዎች በዶላር የሚሸጡት ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግን ሁለት ሲም ለብልሽት እንጂ ለትእዛዝ አይሆንም። ትእዛዝ ሲመጣ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

የምንጠይቀው ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር አይደለም። ሲስተም ሲጠፋ ባንኩም ቴሌውም ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደጠፋ በጽሑፍ ይንገሩን፤ ብሔራዊ ባንክና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ያስገድዷቸው። መሐል መንገድ የቀረ ብር በስንት ሰዓት እንደሚመለስ በቁጥር ይወሰን፣ ካለፈም ካሳ ይከፈል። እንዲህ ያለ ደንብ አለ ከተባለ ቅርንጫፉ በር ላይ ይለጠፍልንና እናንብበው። የግድ የሚዘጋ ነገር አለ ከተባለም ፍርድ ቤት ይየው፣ ቀኑ ይገደብ፣ የክፍያ መስመር አይነካ። ፈተና ለማስከበር የአገር ንግድ መዝጋትማ... ኧረ ተዉ!

ወደ ሱቁ ልመለስ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም የነጋዴው ስልክ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ለካ ወጣቱ አልሄደልኝም ብሎ ሁለተኛ ልኮት ኖሯል፤ ብሩ እጥፍ ሆኖ ገባ። ነጋዴው «ባንክ ሄደህ ማመልከቻ ሙላ» አላሉትም። መሳቢያቸውን ከፍተው ትርፉን በጥሬ ብር ቆጥረው ሰጡት፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉና አስፈረሙት። አይሱዙው ግን ጥሎት ሄዷል። ልጁ ለተሸካሚው ድጋሚ ከፍሎ ሌላ መኪና ፍለጋ ወጣ።