ሰሙ ደመና፣ ወርቁ ምድር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። «ክላውድ» ለተባለው ሙያ ስም ያወጣው መልአክ ግን ባለቅኔ ሳይሆን አይቀርም። ሰሙ ደመና ነው፤ ወርቁ ግን ከሰማይ አይገኝም። በሰፋፊ አዳራሾች የተደረደሩ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበሉ፣ ማቀዝቀዣ የሚሹ ኮምፒውተሮች ናቸው። የክላውድ መሐንዲስም እነዚህን የኪራይ መሣሪያዎች ከሩቅ እያዘዘ ሥርዓት የሚያስይዝ፣ እንዳይወድቁም የሚጠብቅ ሰው ነው።

አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኤስ ስሪ የተባለውን የመረጃ ማከማቻ ለኪራይ ካቀረበ ወዲህ ሙያው ተስፋፍቷል፤ የአገራችን ወጣቶችም ዓይናቸውን ጥለውበታል። መመኘታቸው መልካም ነው። የሚያሳስበኝ አጀማመራቸው ነው። የፈተናውን ጥያቄዎች ሸምድዶ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ሲጠየቅ ዝም ካለ ወረቀቱ ምን ይመሰክርለታል?

የቅኔ ቤት ሥርዓት ይምከረን። ተማሪው ስምንት ቤት ካለው መወድስ ከመድረሱ በፊት ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። የዚህ ሙያ ጉባኤ ቃና ሊኑክስን መልመድ፣ የኔትወርክን አሠራር ማወቅ፣ በፓይተን አጫጭር ፕሮግራሞችን መጻፍ ነው። ለዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ሊኑክስም በነጻ ይገኛል። «ቀጣሪ የሚጠይቀው ወረቀት ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ወረቀቱ በር ያስከፍታል። ከበሩ ወዲያ ያለው ሥራ ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 አንድ የአማዞን ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማውጣት ትእዛዝ ሲጽፍ አንድ ነገር ተሳሳተ። ከታሰበው በላይ ብዙ ሰርቨሮች ወጡ፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ኤስ ስሪ ለ4 ሰዓታት ያህል ታወከ፤ በእርሱ የተደገፉ በርካታ ድረ ገጾችም አብረው ተንገዳገዱ። አንዲት ቃል ስትስት ስንኝ እንደሚሰበር ግጥም ወዳዶች እናውቃለን፤ እዚህ ግን የተሰበረው የብዙዎች የዕለት ሥራ ነበር። ኩባንያው በኋላ ያሻሻለው የትእዛዙን መሣሪያ ነው፤ ብዙ ሰርቨር በአንድ ጊዜ እንዳያወጣ ልጓም አበጀለት። ሰው እንደሚሳሳት አስቀድሞ አስቦ መሥራት የሙያው ከፍተኛ ጥበብ ነው። ይህም በሽምደዳ አይገኝም።

እናም ደመናን የተመኘህ ወንድሜ፣ የተመኘሽ እኅቴ፣ ሽቅብ ከማየታችሁ በፊት የቆማችሁበትን መሬት እወቁት። የሰማዩም ደመና ቢሆን ከምድር የተነሣ ውኃ ነው።