ልጃቸውን ለጦር አካዳሚ የሰጡ ወላጆች፦ ከስንብቱ በኋላ ያለው ዝምታ

በጦር አካዳሚ በር ላይ ወላጅና ልጅ የሚለያዩበት ጊዜ በየትኛውም አገር አጭር ነው። በአሜሪካው ዌስት ፖይንት አዲስ ገቢዎች በሚቀበሉበት ቀን ለቤተሰብ ስንብት የሚፈቀደው ጊዜ ለረዥም ዓመታት ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያልበለጠ ነበር። በእንግሊዙ ሳንድኸርስት ዕጩ መኮንኖች የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ በብብታቸው ይዘው ሲገቡ ወላጆቻቸው ከኋላ ሻንጣ ተሸክመው ይከተላሉ። በኢትዮጵያ ግን ስንብቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአካዳሚው በር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በወረዳ ከተማ መናኸሪያ ይፈጸማል። እናት በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ አባት የኪስ ገንዘብ በእጁ አስጨብጦ፣ ጉልበት አስመው የተመረቁት ልጅ ወይም ልጅት አውቶቡስ ላይ ይወጣሉ። ቤተሰቡም ወደ ቀበሌው ተመልሶ የስልክ ጥሪ መጠበቅ ይጀምራል።

ጥሪው ቶሎ አይመጣም። ብዙ ወላጆች ያልተዘጋጁበት ነገር ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በገባበት ምሽት ይደውላል፤ ገንዘብ ሲያልቅበት ይደውላል፤ ሲታመም ይደውላል። መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ያለ ዕጩ መኮንን ግን ስልኩ በእጁ ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም የሚጠቀምበትን ሰዓት የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ከገጠር የሚደወለው ስልክ «ጥሪ አይቀበልም» ሲል አባት ያለውን ሁሉ ያስባል። በመጀመሪያው ሳምንት ታሟል ይላል፤ በሁለተኛው ታስሯል፣ በሦስተኛው ደግሞ ወደ ግንባር ተልኳል ይላል። ይህን ግምት የሚያረጋግጥም የሚያስተባብልም ሰው በአቅራቢያው ስለሌለ፣ በገበያ ቀን የሰማው ወሬ እንደ እውነት ይቀመጣል።

ዝምታው ሁለት ምንጮች አሉት፤ እነሱንም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሥልጠናው ባሕርይ ነው። አንድን ወጣት ከለመደው ኑሮ አውጥቶ በሰዓት የሚነሣ፣ በትእዛዝ የሚንቀሳቀስ፣ ከራሱ በፊት ጓዱን የሚያይ ሰው ለማድረግ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቤት መለየትን ይጠይቃሉ። የአሜሪካም ሆነ የእንግሊዝ ተቋማት በዚህ ወቅት ግንኙነትን የሚገድቡት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ግን ከሥልጠናው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ለወላጅ አስቀድሞ የሚነግር ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው። «ለዚህን ያህል ሳምንት ድምፁን አትሰሙም፤ ችግር ከገጠመ በዚህ ቁጥር እንደውላለን» የሚል አንድ አንቀጽ የወታደራዊ ምስጢር አይደለም። የመጀመሪያው ዝምታ ለመኮንኑ ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ማንንም አይጠቅምም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ቤተሰብ የሚነካበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ ከ5.4 በመቶ አላለፈም። በአንድ በኩል፣ በዚህ ጠባብ ወንፊት ያለፈ ልጅ ያላት ቤተሰብ ምህንድስናና ሕክምና የሚያስተምረውን የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ከሲቪል ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ታነጻጽራለች፤ ምግቡም መኝታውም ትምህርቱም ያለ ወላጅ ወጪ መሆኑ ለአርሶ አደር ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ፈተናው ያልተሳካላቸው እጅግ ብዙ ወጣቶች የደንብ ልብስን እንደ ቀረ አንድ መንገድ ያዩታል። ሁለቱም ውሳኔዎች ክብር ያላቸው ናቸው። ሆኖም ወላጅ ልጁ የፈለገው ውትድርናውን ይሁን ወይስ ከውድቀት ማምለጥን ብቻ፣ ከመናኸሪያው በፊት መጠየቅ አለበት። በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት የሞላው ሰው ለአካለ መጠን የደረሰ ነውና የሚፈርመው ልጁ ራሱ ነው፤ ወላጅ መምከር እንጂ መፈረምም ማስቀረትም አይችልም።

ሊዘነጋ የማይገባው ደግሞ አካዳሚ ትምህርት ቤት ብቻ አለመሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ገና ከጅምሩ አሳይቷል። የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት በ1927 ዓ.ም ሲከፈት የገቡት ወጣቶች በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ፣ ብዙዎቹም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ወደ አዲስ አበባ የሚገሰግሰውን የፋሺስት ጦር ለመግታት ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ዋና ከተማዋ ከተያዘች በኋላም ከእነሱ መካከል የተረፉት ወደ ምዕራብ ተሻግረው የጥቁር አንበሳን ማኅበር ከመሠረቱት አርበኞች ጋር ተሰልፈዋል። ወላጆቻቸው የላኳቸው ለትምህርት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሕንድ መኮንኖች እርዳታ የተከፈተው የሐረር አካዳሚም የሦስት ዓመት ትምህርት ይሰጥ የነበረ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ስሙ የተጠራ ተቋም ሲሆን በሶማሊያ ወረራ ዘመን ተዘግቷል። ልጁ መጽሐፍ እንደያዘ የሚያስብ ወላጅ፣ ጠመንጃም እንደያዘ አብሮ ማሰብ አለበት።

በመጨረሻ ስልኩ ሲደወል የሚሆነው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጥሪው ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ከኋላ ሰልፍ ይኖራል። ልጁ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ይላል። እናት ድምፁ መጎርነኑን ትሰማለች፤ አባት ደግሞ በጎደለው ነገር ይጀምራል፦ በሬው እግሩን ተሰብሯል፣ ጎረቤት ድንበር ገፍቷል፣ ማዳበሪያ ዘግይቷል። ወሬው ለአባት ማቃለያ ነው። ለዕጩ መኮንኑ ግን ሊያስተካክለው የማይችለው ችግር ሲሆን፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ በሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያስበው ስለ ድንበሩ ነው። ቤት ያለው ሰው ሊፈታው የሚችለውን ችግር ቤት ማስቀረት ከመዋሸት አይቆጠርም።

ሞትን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ልማዳችን ሊፈተሽ ይገባል። ሩቅ ያለ ልጅ የእናቱን ወይም የአባቱን ሞት እንዳይሰማ ማድረግ፣ «ትምህርቱን ይጨርስ» ብሎ መርዶውን ለወራት ማቆየት በገጠርም በከተማም የተለመደ ነው። ዓላማው ደግነት ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ልጁ በደወለ ቁጥር «እናትህ ገበያ ወጥታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች» የሚል መልስ ሲደጋገምበት ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውን የሚያወራለት ሰው የለውም። ወይም ከዚያው ቀበሌ የመጣ ሌላ ሠልጣኝ በድንገት «ነፍስ ይማር» ይለዋል። ከዚህ ሁሉ የከፋው፣ ለምርቃቱ የመቶ አለቃነት ተስፋውን ይዞ ቤት ሲደርስ ለቅሶ የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሚነግረውን ማንኛውንም መልካም ዜና አያምንም። የሚሻለው መንገድ ለሠልጣኙ የቅርብ አለቃ አስቀድሞ መንገር፣ መርዶውም በአለቃውና በቅርብ ጓዶቹ ፊት እንዲነገረው ማድረግ ነው። በባህላችን መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም፤ ሽማግሌዎች አብረው ይሄዳሉ። በካምፕ ውስጥ የሽማግሌዎቹን ቦታ አለቃና ጓድ ሊሸፍኑት ይችላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው መተው የሚፈልግ ልጅ ጉዳይ ነው። ከገቡት ሁሉም አይጨርሱም። በአሜሪካ አካዳሚዎች ደንቡ ግልጽ ነው፦ ተማሪው ሦስተኛው የትምህርት ዓመት ከመጀመሩ በፊት ቢወጣ የአገልግሎት ግዴታ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ከወጣ በአገልግሎት ወይም በገንዘብ ይከፍላል። የጨረሰ ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት በመደበኛ ሠራዊት ያገለግላል። ወላጁም ልጁም ይህን የሚያውቁት ከመግባታቸው በፊት ነው። በአገራችንም ልጁን የሚልክ ቤተሰብ ውሉን አስነብቦ መረዳት ይኖርበታል፤ የአገልግሎቱ ዘመን ስንት ነው? ዋስ ይጠየቃል ወይ? ከተጠየቀስ ዋሱ የሚከፍለው መቼ ነው? በጤና ምክንያት የሚሰናበት ሠልጣኝስ ምን ይሆናል? እነዚህን ጥያቄዎች በምልመላው ጠረጴዛ ላይ ማንሣት ፈሪነት አይደለም፤ በሬ የሚገዛ ገበሬ እንኳ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም።

ውሉ ከሚያስረው በላይ ግን ልጁን የሚያስረው እፍረት ነው። በስንብቱ ድግስ የተፎከረለት፣ በሰንበቴና በዕድር «የእኔ ልጅ መኮንን ሊሆን ነው» የተባለለት ወጣት፣ ቢታመምና ሥልጠናው ከአቅሙ በላይ ቢሆን እንኳ አፉን አውጥቶ አይናገርም። የአባቱን ፊት ማየት ከሩጫውም ከረሃቡም ይብስበታል። ድግሱን ለምርቃቱ ማቆየት አንድ መላ ነው። ልጁ ሲሄድ «ካልሆነልህ ቤትህ ቤትህ ነው» የሚል ቃል መስማቱ ደግሞ ብዙዎች እንደሚፈሩት ልቡን አያላላም፤ የሚመለስበት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አስቦ ይጸናል እንጂ ተገዶ አይቆይም።

ሴት ልጅ የላኩ ወላጆች ተጨማሪ ሸክም አለባቸው። በዓለም ላይ በሩ ለሴቶች የተከፈተው በቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ አካዳሚዎች ሴቶችን መቀበል የጀመሩት በ1968 ዓ.ም ነበር፤ ለሐረር አካዳሚ አስተማሪ መኮንኖችን የላከችው ሕንድም በብሔራዊ የመከላከያ አካዳሚዋ የመጀመሪያዎቹን 17 ሴቶች ያስመረቀችው በግንቦት 2017 ዓ.ም ነው፤ ያውም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ። የወላጆች ስጋት ባዶ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በመጋቢት 2015 ዓ.ም ይፋ ባደረገው ጥናት በአካዳሚዎቹ ካሉ ሴት ተማሪዎች ከአምስቱ ከአንዷ በላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልፈለጉት ወሲባዊ ንክኪ እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው። ይሁን እንጂ ተቋሙ ራሱን ጠይቆ መልሱን ለሕዝብ ማውጣቱ ወላጅ ምን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ አድርጓል። ኢትዮጵያዊት እናትም ልጇ በደል ቢደርስባት ለማን ታመለክታለች፣ አቤቱታውን የሚቀበለው የበደለው ሰው አለቃ ብቻ ነው ወይ ብላ መጠየቅ ይገባታል። ከሁሉም በላይ ልጅቱ በቤቷ ቀድማ መስማት ያለባት፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ጥፋቱ የእሷ እንደማይሆን ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሠልጣኙ የሚያገኘው የኪስ ገንዘብ ቤት አያቆምም፤ አዲስ ምክትል መቶ አለቃም ደመወዙ ገና ከመጀመሩ የታናናሾቹን ትምህርት፣ የጣራ ቆርቆሮና የአጎት ልጅን ሠርግ ይሸፍናል ብሎ መጠበቅ ወጣቱን ብድር ውስጥ መክተት ነው።

የወቅቱ የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ሁሉንም አክብዶታል። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች የሚኖር ቤተሰብ ልጁ የት እንዳለ ለጎረቤት መናገር ይፈራል፤ ልጁም ለዕረፍት ቢፈቀድለት መንገዱ ያሳስበዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ፎቶግራፍና የጽሑፍ መልእክት የለመዱ ቤተሰቦች ወደ ድምፅ ጥሪ ብቻ ተመልሰው ነበር። አሁን ኢንተርኔቱ ባለበት ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይታያል፤ በልጁ የደንብ ልብስ የተደሰተ ወንድም ፎቶውን ከነስሙና ከነካምፑ በፌስቡክ ይለጥፋል። ኩራቱ የሚገባ ቢሆንም፣ ፎቶው ለልጁም ለተለጠፈበት ቤትም አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ለማን ምን እንደሚነገር ከመሄዱ በፊት ከልጁ ጋር መስማማት፣ ለተቋሙ የሚሰጠው የቅርብ ዘመድ ስልክም ሁልጊዜ የሚነሣና መስመር በማይቆራረጥበት አካባቢ ያለ ሰው ቁጥር እንዲሆን ማድረግ ቤተሰብ በራሱ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

የቀረው ከተቋማቱ ይጠበቃል። ዌስት ፖይንት የመጀመሪያው የበጋ ሥልጠና ሲያበቃ ወላጆች ሰልፉን መጥተው የሚያዩበት ቀን አለው። በአገራችን ሁሉም ቤተሰብ እንዲመጣ ማድረግ በመንገዱም በወጪውም ከባድ ነው፤ ነገር ግን ለምርቃት የሚሰጠው የግብዣ ወረቀት ከዕለቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ሳይሆን ወር ቀደም ብሎ ቢደርስ፣ ከሩቅ ወረዳ የሚነሣ አባት በግ ሸጦ ለመሳፈሪያ የሚሆነውን ለማሰናዳት ጊዜ ያገኛል። አሁን ብዙዎቹ ምርቃቱን የሚከታተሉት ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ነው። ካሜራው በሰልፉ ላይ ሲያልፍ ሁሉም ቆብ አንድ ዓይነት ነው፤ እናትም «ያ ነው፣ አይ አይደለም» እያለች ሥነ ሥርዓቱ ያበቃል።