ሰክሯል ወይስ ታሟል?

እስቲ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አስቡ። ከምሳ በኋላ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። መምህሩ ሲቀሰቅሰው ምላሱ ይተሳሰራል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል፣ ላብ አጥምቆታል። ክፍሉ ይስቃል። «ጠጥቶ ነው» ይባላል። ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ይቀርብና «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ ከግቢ ይወጣል።

ልጁ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ግን ስኳሩ የወረደበት የስኳር ታማሚም ልክ እንዲህ ነው የሚሆነው። የሚጥል በሽታው ገና የለቀቀው ልጅም፣ በዕረፍት ሰዓት ጭንቅላቱን የተመታውም እንዲሁ ግራ ይጋባሉ። እነዚህን ልጆች ብቻቸውን ወደ መንገድ መላክ በሕይወታቸው መፍረድ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ትራማዶል አብዝቶ የዋጠ ልጅ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ተብሎ ሲተው፣ ትንፋሹ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ማስቲሽ የሳበን ልጅ ደግሞ ዘበኛ ሲያሳድደው ድንጋጤውና ሩጫው አንዳንዴ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ይህን ስንት ትምህርት ቤት ያውቃል?

የትምህርት ቤት ነርሶች የሱስ አስያዥ ነገሮችን ምልክት እንዲለዩ ይሠልጥኑ የምለው ለዚህ ነው። ትምህርቱ ሰማይ የሚነካ አይደለም። መጀመሪያ ጣት ወግቶ ስኳር መለካት። ቀጥሎ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ የዓይን ብሌን። ጫት የቃመ ልጅ ልቡ ይፈጥናል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ወሬው ይበዛል፤ ምርቃናው ሲበርድ ዱካክ ይይዘዋል። ከትራማዶል ወገን የሆኑ ማስታገሻዎች ግን ትንፋሽን ያዘገያሉ፤ ትራማዶል ራሱ ሊያንዘፈዝፍም ይችላል።

አሜሪካኖች ይህን ዓይነት ሥልጠና ለትምህርት ቤት ነርሶችና አስተዳዳሪዎች ይሰጣሉ። ሥሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ዕፅ ወስደው የሚነዱ አሽከርካሪዎችን ለመለየት የጀመሩት ዘዴ ነው። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን። ዕውቀቱን እንውሰድ፣ የፖሊስነቱን መንፈስ ግን እዚያው እንተወው። ነርሷ ያየችው በቀጥታ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ከነገ ጀምሮ የታመመ ጓደኛውን ደግፎ ክሊኒክ የሚያመጣ ተማሪ አይኖርም። መጸዳጃ ቤት ደብቀው ያስተኙታል።

«ነርስ መቼ አለንና ነው?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክሊኒክ የሚባለው አንድ አልጋና ባዶ ቁም ሣጥን ነው። ግን በከተሞች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ መርሐ ግብሩ ሲጀመር የተመለመሉት ነርሶች ነበሩ፣ ትምህርት ቤትም የሥራቸው አካል ነው። ከእነሱ መጀመር ይቻላል። በየትምህርት ቤቱ ሁለት መምህራን ቢጨመሩና የቅርቡ ጤና ጣቢያ ስልክ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም።

አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። ክፍል ውስጥ የተደፋውን ልጅ ግን አዋጅ አያነሣውም፤ የሚያነሣው ምልክቱን አይቶ የሚለይ ሰው ነው።

በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ይህ ሰው ማነው? ነገ ጠዋት ጠይቁ።