ከጂ35 እስከ ጂ36.0

ሥራዬ ሜሪላንድ ውስጥ የሐኪሞችን ማስታወሻ እያነበብኩ የበሽታ ኮድ መስጠት ነው። የአገሬ ልጆች «የቢል ሥራ» ይሉታል፤ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው ኮዱን የጸሐፊ ጣጣ አድርገው በሚንቁ ሐኪሞች ላይ ነው። ኤን ኤም ኦ የተባለውን በሽታ ልብ ብሎ ያየ እንዲህ አይልም።

ኤን ኤም ኦ ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሳ የሚመጣ ሕመም ነው። የዓይን ነርቭንና ሕብለ ሰረሰርን ያጠቃል፤ ዓይን በቀናት ውስጥ ይጨልማል፣ እግር ይከዳል። አንዳንዴ ግን የሚጀምረው አልቆም ባለ ስቅታና ትውከት ነው። ያኔ ታማሚዋ (አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው) ወደ ጨጓራ ሐኪም ትላካለች። የጨጓራ መድኃኒት፣ ኢንዶስኮፒ፣ እንደገና የጨጓራ መድኃኒት። ነርቭ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ደግሞ መልቲፕል ስክለሮሲስ ልትባል ትችላለች፤ የእሱ ኮድ በጂ35 ይጀምራል። የኤን ኤም ኦ ጂ36.0 ነው። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚታዘዘው ኢንተርፌሮን ቤታ ኤን ኤም ኦን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ስህተቱ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

ሁለቱን የሚለየው አንቲቦዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገኝቷል፤ ስለዚህ የደም ምርመራ አለ። ታዲያ ምን ጎደለ? ሐኪሙ የተመላላሽ ታካሚ ማስታወሻ ላይ «ምናልባት ኤን ኤም ኦ» ብሎ ከጻፈ፣ በአሜሪካ ደንብ ጂ36.0 ማስገባት አልችልም። የዓይን ነርቭ መቆጣት ብዬ ኤች46 ውስጥ እመድበዋለሁ። ደንቡን እደግፈዋለሁ፤ ያልተረጋገጠ በሽታ በሰው ስም አይጻፍም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ አዲሱ ማስታወሻ ግን ካለፈው ቀጠሮ እንዳለ ተገልብጦ «ምናልባት» እንዳለ ነው። ከላብራቶሪ ወረቀት ብቻ ተነስቼ ኮድ መስጠት አይፈቀድልኝም። ለሐኪሙ ጥያቄ እልካለሁ፤ መልሱ ይዘገያል። ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደው ኤኩሊዙማብ እጅግ ውድ ነው፤ ኢንሹራንሱ የመድኃኒቱ ጥያቄ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያየው ኮዱን ነው። ካልገጠመለት ይመልሰዋል። ታማሚዋ እስከዚያ ሌላ ጥቃት ሊደርስባት ይችላል፤ በዚህ በሽታ አንድ ጥቃት ዓይን ይዞ ሊሄድ ይችላል።



ኤን ኤም ኦ በጥቁሮች ላይ ከነጮች ይበልጥ ስለሚታይ ነገሩ እኛንም ይመለከታል። እንዲህ የምትታመም እህት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ የሕክምና መዝገቧን አብራችሁ ክፈቱ። ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆኖ፣ ሐኪሟም በሽታው ይሄ ነው ብሏት፣ መዝገቡ ላይ ጂ36.0 ከሌለ፣ ቢሮው ደውላችሁ ማስታወሻውን እንዲያርም ጠይቁት። እኔ ልለውጠው አልችልም፤ እሱ ግን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።