ጥፋቱ የልጁ እጅ አልነበረም

በዚህ ወር ስለ ምግብ አላወራም። ይቅርታ የምጠይቀው ልጅ አለ፤ ነገሩ ደግሞ በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ በኩል ስለሚያልፍ እስክጨርስ ታገሱኝ። ቤታችሁ ክራር ወይም ጊታር የሚማር ልጅ ካለ ይጠቅማችኋል።

ሬስቶራንቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ክራር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ድምጹ በስፒከር እንዲወጣ ብዬ ሳንቲም የምታክል ፒክአፕ ገዛሁለት፤ ዋጋዋ ከአንድ ሽሮ ያነሰ ነው። ቆዳው ላይ ዳር በኩል በራሴ እጅ በማጣበቂያ ለጠፍኳት። ስፒከሩ ጮኸ፣ ደስ አለኝ፣ በቃ።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት የክላርክስተን እናት ልጇ ክራር እንደሚማር ነገረችኝ። ቅዳሜ ማታ ሙዚቀኞቹ ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ቢጫወት ምን ይመስልሃል አለችኝ። እዚሁ አትላንታ የተወለደ የ16 ዓመት ልጅ ነው። የሱ ክራር ፒክአፕ ስለሌለው የኔን አወረድኩለት። ትዝታ ጀመረ። ምን ልበላችሁ፣ አንድ ድምጽ እየመጣ ይጠፋል፣ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ሆነ። አንድ ትልቅ ሰው ከጠረጴዛቸው ሆነው «ይሄ ልጅ ቅኝት አያውቅም» አሉ። እኔም ወደ ኩሽና ጠርቼ «ቀኝተህ ና» አልኩት። «ጋሼ፣ ቀኝቻለሁ እኮ» አለኝ። እንደገና ቃኘ፣ ያው ሆነ። ሰው ፊት ሄጄ «ለዛሬ ይብቃህ» አልኩና ሲዲ ከፈትኩ። እራት ሳይበላ ወጣ። በኋላ እናቱ ክራሩን አልጋ ስር እንደከተተው ነገረችኝ።

ከወር በኋላ ጊታር የሚጠግን ደንበኛዬ ቡና እየጠጣ ክራሩን አወረደው። ገመዱን ሳይሰካ ክሮቹን አንድ በአንድ ነካ፤ ስድስቱም እኩል ተሰሙ። ከዚያ ስፒከሩ ላይ ሰካው። ሁለቱ ክሮች ጮኹ፣ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አንዷ ግን ከሩቅ መንደር የምትመጣ ትመስላለች። «ይሄን ማን ለጠፈው?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ያቺ ትንሽ ፒክአፕ ፒዬዞ ትባላለች። ሲጫኗት ወይም ስትንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የምታወጣ ናት፤ ይህን የክሪስታል ጠባይ ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ በ1880 ነው ያገኙት። የምትሰማው እሷ ያለችበትን ቦታ መንቀጥቀጥ ነው። ቆዳው ዳር ላይ ካጣበቃችኋት እዚያ ቦታ ጠንክሮ የሚደርሰው ክር ይጮሃል፣ ሌላው ይዋጣል። ልጁ ክራሩን ደረቱ ላይ ይዞ በገዛ ጆሮው ሲሰማ ሁሉም ልክ ነበር፤ አዳራሹ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «ቀኝቻለሁ» ሲለኝ እውነቱን ነበር።

ጊታር ላይ ይሄ ያን ያህል አይጎዳም። አንድን ድምጽ በሌላ ክር ላይ ጣት ቀይራችሁ ታገኙታላችሁ። ክራር ግን እያንዳንዱ ክር አንድ ድምጽ ብቻ ነው። ቅኝቶቻችን አምስት ድምጽ አላቸው፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምጽ ከፍ አድርጎ ይደግማል። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ግማሹ ላይ «ሚ» እና «ላ» በግማሽ ድምጽ ዝቅ ይላሉ። ሁለቱን ትዝታዎች የሚለዩት እነዚህ ሁለት ድምጾች ናቸው ማለት ነው። እኔ ክራር ላይ የተዋጠችው «ሚ» ነበረች። ልጁ ምን ያድርግ? ምትኳ የት አለ?

መፍትሔው ለየክሩ የየራሱ ፒክአፕ መስጠት ነው። በጊታር ዓለም የቆየ ነገር ነው። የጃፓኑ ሮላንድ የሚሠራው በማግኔት ስለሆነ የብረት ክር ይፈልጋል፤ ናይለን ክር ማግኔት አይሰማውም። የካናዳው ጎዲን ደግሞ መልቲያክ በሚባለው የናይለን ጊታሩ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበት ቦታ የራሱ ፒዬዞ አለው። ለክራራችን የሚቀርበው ይሄኛው ነው፤ የኔም ክሮች ናይለን ናቸው።

የፈረንጅ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በገናን ተመልከቱ። አስሩ ክሮች በርኩማው ላይ ሲያርፉ በክርና በእንጨቱ መካከል ለየክሩ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው አንድ በአንድ ወደፊት ወደኋላ እያደረገ ያ የሚንዘረዘረው ድምጽ እስኪወጣ ያስተካክላታል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ምን የለው፣ ግን ለየክሩ የየራሱ መቆጣጠሪያ አለው። ሙላቱ አስታጥቄም ከ2007 እስከ 2008 ሃርቫርድ ራድክሊፍ በነበሩበት ጊዜ ባህላዊ መሣሪያዎቻችንን ስለማዘመን ሠርተዋል፤ ኤምአይቲ ደግሞ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት አማክረዋል። ክራርን ማዘመን ነውር ነው የሚሉኝ ደንበኞች አሉኝ። እኔ ነውሩ አይታየኝም፤ የማይሰማ ክራር ይዞ ልጅን መውቀስ ነው ነውሩ።

እኛ ምን አደረግን? ደንበኛዬ ክሮቹ የሚያርፉባትን እንጨት አውልቆ ስድስት ትንንሽ ማረፊያ ሠራ። አንድ ወጥ እንጨት ከሆነ የአንዱ ክር መንቀጥቀጥ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳልና መለያየቱ ትርጉም ያጣል። አሁንም ቢሆን በቆዳው በኩል ትንሽ ትንሽ ይተላለፋል፣ ፍጹም አይደለም። በየማረፊያው ስር አንዳንድ ፒዬዞ አደረገ፣ ስድስት ቀጫጭን ሽቦ ወደ ትንሽ ሚክሰር ወሰደ። ስድስት ቁልፍ። ስፒከሩ «ዊ» ብሎ ሲጮህ ድሮ ሁሉንም ነበር የምቀንሰው፤ አሁን የሚጮኸውን ክር ብቻ ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። መልኩ አያምርም፣ ሽቦው ይታያል። ባለቤቴ የኤክስቴንሽን ገመድ መሰለ ብላለች።

ይሄን ሁሉ ወጪ ልጃችሁ ላይ አውጡ እያልኩ አይደለም። የምትለጠፈዋን ባለ አንድ ፒክአፕ ከገዛችሁ ዳር ላይ አታጣብቋት። መጀመሪያ በቀላል ቴፕ ያዟት፣ ክሮቹ ከሚያርፉባት እንጨት አጠገብ መሃል ላይ ጀምሩ። አንዳችሁ ክሮቹን በእኩል ጉልበት አንድ በአንድ ምቱ፣ ሌላችሁ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆናችሁ ስሙ። አንዱ ካነሰ ቦታዋን ቀይሩ። ልጆች ይሄን ጨዋታ ይወዱታል፣ አዋቂ ቶሎ ይሰለቸዋል። ሲስማማችሁ አጥብቃችሁ ለጥፉ። ልጁ «ቀኝቻለሁ» ካላችሁ ደግሞ ገመዱን ንቀሉና ባዶውን ስሙት።

ባለፈው እሁድ ክራሩን ይዤ እነሱ ቤት ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈላች። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ሰው ፊት ነው ያልኩህ፣ ሰው ፊትም እመልሰዋለሁ አልኩት። «ኦኬ ጋሼ» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ግን ሚክሰሩን ወደሱ ሳበውና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ፤ «ሚ» ላይ ቆየ። ቅዳሜ ትመጣለህ ወይ ስለው አስብበታለሁ አለኝ። ክራሩን እዚያው ትቼለት መጣሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል፣ ስትመጡ የት ሄደ እንዳትሉኝ።